አውሮፕላኗና የጋሽ ሙላው ሰሊጥ

በእኛ ከተማ በገለጉ ያለውን አውሮፕላን ማረፊያ ብታዩት ትስቃላችሁ፤ ጠጠር የፈሰሰበት ሜዳ ነው። ጠባቂው እኔ ነኝ። አውሮፕላን ብዙ ስለማይመጣ፣ ገበሬው ጋሽ ሙላው ያጨዱትን ሰሊጥ ጠርዙ ላይ በየነዶው አቁመው ያደርቁበታል። ታዲያ አንድ ቀን ምጥ የጠናባትን ሴት፣ ከጎጃም ለአጨዳ የመጣ ሠራተኛ ሚስት ናት፣ ወደ ጎንደር ልትወስድ ትንሽ አውሮፕላን መጣች። ልትነሳ ስትዞር ጀርባዋን ለሰሊጡ ሰጠች። ሰሊጡ ደግሞ ደርቆ አፉን ከፍቷል፤ የሞተሯ ንፋስ ፍሬውን አራግፎ ሊጨርሰው ነው።

«ጋሼ፣ ትንሽ ትቁምና ሰሊጡን እናንሳልዎት?» አልኳቸው።

«ምጥ ይቆማል እንዴ?» ብለው ተቆጡኝ። «ትሂድ! ይርገፍ!»

ባልየው አውሮፕላኗ ላይ ቦታ ጠፍቶ ቀርቷል። ይህን ሲሰማ ጋቢውን ዘርግቶ ሰሊጡ ፊት ቆመ። ጓደኞቹም ተከተሉት፤ እኔም ኮቴን አውልቄ ገባሁ። አውሮፕላኗ አቧራ አለበሰችንና ተነሳች። ድምጿ ከጠፋም በኋላ ሰውዬው ጋቢውን እንደዘረጋ ነበር።

ጋሽ ሙላው ቀስ ብለው እጁን አወረዱለት። «በቃ ልጄ፣ ሄደች» አሉት። ከዚያ አንዱን ነዶ አንስተው ጋቢው ላይ አራገፉለት። «ያዝ፣ ለአራሷ ነው።»

«ኧረ ጋሼ፣ ገና መች ወለደች?» አልኩ።

«አንተ ዝም በል!» አሉኝና ጋቢውን ቋጠሩለት። ወደ ባልየው ዞረውም፣ «አንተም ሚስትህ እስክትመለስ አንዲት ፍሬ እንዳትቀምስ፤ የአራስ ነው!»