ሳቄን የሚያውቅ ሰው ጠፋ

በ2004 ዓ.ም. ነው። ዝናቡ አባርቶ፣ መንደራችን ማንኪራ ላይ ደህና ፀሐይ ወጥቷል። ቡና አስጥተን ሳለ ባለቤቴ "ልገልብጠው?" ስትለኝ መልሱ አፌ ላይ ደርሶ አልወጣ አለ። ቀኝ እጄም ዛለ። እሷ ግን ዝምታዬን ስለለመደች "ዛሬ ደግሞ ምን አስቀየምኩህ?" ብላ ጎረቤታችንን ጋሽ ወልዴን ለእርቅ ጠራቻቸው።

ደግነቱ ቦንጋ በነርስነት የምትሠራው ልጄ አበበች ለእረፍት መጥታ ነበር። "አባባ፣ ሁለቱንም እጅዎን ያንሱ" አለችኝ። ቀኙ ወረደ። "እስቲ ይሳቁ!" እንደምንም ሳቅሁላት። ወደ እናቷ ዞረችና "አፋቸው ተጣሟል ወይስ ድሮም ሲስቁ እንዲህ ናቸው?" አለቻት።

"ሲስቅ የት አይቼው!" አለች እናቷ። ጋሽ ወልዴም "እኔም አላየሁ" አሉ። ይሄኔ እውነተኛ ሳቅ መጣብኝ፤ ምላሴም ተፈታ፤ እጄም በረታ። "በሠርጋችን ቀን ስቄያለሁ!" አልኩ።

"እኔማ ያን ቀን ፊቴን ተሸፍኜ ነበር!" አለች ባለቤቴ። ግቢው በሳቅ ተናጋ።

"በቃ ድኛለሁ፣ ቡናው ይገልበጥ" ብል ልጄ እምቢ አለች። "ይሄ ትንሹ ስትሮክ የሚሉት ነው፤ ለቀቀዎት እንጂ አልማረዎትም፤ ትልቁ ሳይከተል እንሂድ።"

ሆስፒታል ያገኘነው ሐኪም በደስታ ተቀበለኝ። "የማጠናው ይህንኑ ነው፤ ግን ሰዎች ሕመሙ ከለቀቃቸው ማን ይመጣል?" አለኝ። የደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ተገኘና መድኃኒት ታዘዘልኝ። በጥናቱም ልግባ አልኩ፤ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ኪኒኔን እውጥና ባለቤቴ ፊት ቆሜ አንዴ እስቃለሁ። ደህናውን ሳቄን ለይታ ትወቀው።