ለአጥንቱ ያልተነገረው

በጠዋት ባህር ማዶ ከምኖርበት ሰፈር ከኡንተርሊደርባህ ስነሳ፣ ባቡሩ ውስጥ ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ወጣት ጥርሷ ላይ የታሰረውን ሽቦ ለአንድ ሽማግሌ ታሳያለች።

«ይህቺ የላይኛዋ የፊት ጥርሴ እኮ ከሞተች ቆየች፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ነቅለው አይጥሏትም?»

«አሁን ከነቀሏት አጥንቱ አብሮ ይጠፋል፤ የሚተከለው ጥርስ መያዣ ያጣል። ስለዚህ በሽቦ ቀስ እያሉ ወደ ታች ይስቧታል።»

«የሞተችውን?»

«አዎ። አጥንቱ እሷን ተከትሎ ይወርዳል። ሲበቃው እሷን ነቅለው አዲሱን ይተክላሉ።»

«አጥንቱ መሞቷን አያውቅም?»

«ማን መርዶ ነግሮት!» ብላ ሳቀች።

ሽማግሌው አልሳቁም።

«ለእማዬ ፎቶውን ልኬላት አላየችውም። ስልክም አታነሳም። ወንድሜ ኔትወርክ ነው ይለኛል።»

«ይሆናል፣ ልጄ።»

«እናንተ ቤት ጸሎቱ ቶሎ ያልቃል? ከሰዓት የጥርስ ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ፣ ቴርሚን አለኝ።»

«ቴርሚንሽን ጓደኛሽ አስተላልፋዋለች።»

«ሳትነግረኝ?»

«ሰው ተሰብስቦ እየጠበቀሽ ነው።»

«እኔን? ለምን?»

«ብርድ ነው፤ ነጠላሽን ደርቢ።»

ከምወርድበት ጣቢያ አስቀድሜ ወረድኩና እናቴ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል።