የጠያቂ ሰዓት

ከጫኖ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ፣ ማንጎ የታቀፉ ሽማግሌ አጠገባቸው ለተቀመጠች ሴት ስለ ሚስታቸው ያወራሉ።

«እኔ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ድኜ ከወጣሁ ዓመት አልፎኛል። እሷ ግን እስካሁን መኝታ ቤታችን የምትገባው በጠያቂ ሰዓት ብቻ ነው።»

«በገዛ ቤቷ?»

«ምሳ ዕቃዋን ይዛ በር ላይ ትቆማለች። ‹ግቢ› ስላት ‹ዘበኛው ይቆጣል› ትለኛለች።»

«ታዲያ ምን ያደርጋሉ፣ ጋሼ?»

«ኮፍያ አድርጌ፣ ዱላ ይዤ እወጣና ‹ሰዓቱ ደርሷል፣ ግቢ!› እላታለሁ።»

«ትገባለች?»

«ትገባለች። አልጋው ባዶ መሆኑን ስታይ ግን ትጮሃለች።»

«ኧረ በኢየሱስ ስም! ከዚያስ?»

«በመስኮት ዘልዬ እገባና እተኛላታለሁ። ‹ተመስገን፣ ዛሬ ተሽሎሃል› ብላ ታጎርሰኛለች።»

ሆስፒታሉ በር ላይ ስወርድ ምሳ ዕቃዬን በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኩት።