የኑሪ እናት የት ገባች?

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ሥራ አስኪያጃችን አቶ ከበበው፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ ይህን ሁሉ ደግሳችሁ፣ አዳራሹን በፊኛ አስጊጣችሁ ስለምትሸኙኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ፊኛውን የነፋችሁት ልጆች ሳንባችሁ ይባረክ። «ሸጊቱ ማይክ ከያዘች አትለቅም» እያላችሁ በምሳ ሰዓት ስትንሾካሾኩ ሰምቻለሁ። ልክ ናችሁ፣ አልለቅም።

ደስ ብሎኛል። ይኸው እንደምታዩኝ ጥርሴ አልከደን ብሏል። ከእህቴ ጋር ጎፋ ላይ የራሳችንን ጌም ቤት ልንከፍት ነው። ቴሌቪዥኑ ተሰቅሏል፣ ወንበሩ ገብቷል፣ የቀረው መብራት ነው፤ እሱ ደግሞ በኔ እጅ አይደለም።

ግን ደስ ብሎኝም ተናድጃለሁ። ሁለቱ አብረው ይኖራሉ ወይ? ይኖራሉ፤ ባል ያላት ታውቀዋለች።

«የጋራ ቧንቧ» የተባለውን የቴሌቪዥን ድራማ ወደ ድብድብ ጌም ለመቀየር ፈቃድ ባገኘን ቀን እዚህ ለቡ ቢሯችን ደረጃ ላይ ቆሜ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ መካከላችን እንግዳ ስላለ ድራማውን ባጭሩ ላስታውስ። አንድ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ጎረቤቶች ከአንድ ቧንቧ ውሃ ይቀዳሉ፣ በጀሪካን ወረፋ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ደግሞ ይጣላሉ። ነገሩ ድሮም ድብድብ ነበር እኮ! ጌም ለመሆን የቀረው ቁልፍ መጫን ብቻ ነው።

የድራማው ነፍስ ማን ናት? የኑሪ እናት! ጎረምሶቹ ቧንቧው ጋ ሲተናነቁ ከሱቋ ደጃፍ ብድግ ትልና የአንድ እግሯን የላስቲክ ጫማ ታወልቃለች። አትወረውርም፤ ዝም ብላ ትይዘዋለች። ያኔ ግቢው ጭጭ ይላል። ያንን ጫማ ሳያይ የሚተኛ ሰው በኛ ሰፈር አልነበረም።

እንግዲህ ጌሙ ውስጥ የሚገቡት ስምንት ተፋላሚዎች ብቻ ስለሆኑ ሕዝቡ በአጭር መልእክት ይምረጥ ተባለ። ሕዝቡም መረጠ። አገር ምድሩ «የኑሪ እናት» ብሎ ላከ። እናንተ ማንን አወጣችሁ? ኑሪን!

አትሳቁ፣ አያስቅም። እሺ፣ ትንሽ ያስቃል።

ኮምፒውተሩ ከየመልእክቱ ስም ብቻ ለቅሞ እንዲቆጥር ታዘዘ። «እናት» ስም አይደለም ብሎ ጣላት፣ ኑሪን ያዘ። ኮምፒውተሩን ያዘዝከው ኢድሪስ፣ ወንድሜ፣ አንገትህን አትድፋ። ስህተቱን ራስህ አግኝተህ በራስህ እግር ሄደህ ተናግረሃል። የኔ ቁጣ ካንተ ጋር አይደለም።

ግን እስቲ ንገሩኝ፤ በሰፈር ውስጥ የትኛዋ እናት ናት በስሟ የምትጠራው? ነገ ጎፋ መጥታችሁ «የሸጊቱ ቤት የት ነው?» ብትሉ የሚያውቀኝ የለም። «የቤዚ እናት» በሉ፣ እጃችሁን ይዘው በሬ ላይ ያደርሷችኋል። እናንተ ብታስመርጡ ግን የምታሸንፈው ቤዚ ናት፤ የበላችበትን ሳህን እንኳ የማታነሳዋ ልጄ!

ሰዓሊያችን ቤቴል መጥታ «እትዬ ሸጊ፣ ይሄ ኑሪ ምን ይመስላል?» ያለችኝን አልረሳውም።

«እኔ እንጃ ልጄ» አልኳት። እውነቴን ነው። ኑሪን ያየው ማን አለ? ድራማው ላይ እኮ ፊት የለውም! ከመጋረጃ ጀርባ «እማ፣ ሻይ አለ?» የሚል ድምፅ ነው። ያም ሆኖ «ሕዝብ መርጦታልና ሳዪው» ተባለች። ሳለችው። ጡንቻ አወጣችለት፣ ደረቱን ገለጠችው። ሕዝቡ «ጫማዋን አደራ» ብሎ ጽፎ ስለነበር ደግሞ የሴት ላስቲክ ጫማ አስጨበጠችው። ያ ሁሉ ጎረምሳ የእናቱን ጫማ ይዞ ሲዘል አይታችሁታል? እኔስ አየሁት፤ ለሱ አፈርኩለት።

ጌሙ ወጣ። ስልኩም ጮኸ። ስልኩ ደግሞ ያለው ማን ጠረጴዛ ላይ ነው? በኔ፣ በስልክ ተቀባይዋ ጠረጴዛ ላይ!

አንዱ ጎረምሳ «ማዘር፣ ሙድ እየያዛችሁብን ነው እንዴ?» አለኝ። አንዲት የሱቅ ባለቤት ከብስራተ ገብርኤል ደውላ «እህቴ፣ ያቺን ሴትዮ ሳይ እኔ ራሴን ነበር የማየው። እኔን አውጥታችሁ ልጄን ያስገባችሁት ምን አጥፍቼ ነው?» ብላ ስልኩ ላይ አለቀሰች። የሚኒባስ ረዳት ነኝ ያለኝ ደግሞ ምን እንዳለ ልንገራችሁ? «እኛ ኑሪን እንመርጠዋለን፣ ጥግ ላይ እናቆመዋለን፣ ከዚያ እስኪወድቅ እናስደበድበዋለን። ሻይ ይጠይቅ አሁን!»

ይህን ስብሰባ ላይ ተናገርኩ። ምን ተባለ? ስክሪኑ ላይ በቀለም ያሸበረቀ ነገር ወጣና «ተጫዋቾች ከሁሉም አብልጠው የሚመርጡት ኑሪን ነው» ተብሎ ተጨበጨበ። ተጨበጨበ እኮ! ሰውየውን ሊቀጠቅጡት እየመረጡት፣ እኛ ወደዱት ብለን አጨበጨብን።

ኢድሪስ እውነቱን ሲያወጣስ፣ አቶ ከበበው፣ እርስዎ ምን አሉ? «ስህተት አንበለው፤ ኑሪም የቤተሰቡ አባል ነው።» እኔንም «የሕዝብ ምርጫ ነው በያቸው» አሉኝ። ለራሱ ለሕዝቡ «አንተ ነህ የመረጥከው» በይ ማለት ምን ዓይነት ድፍረት ነው? እንጀራ ነውና ለጊዜው አልኩ። ዛሬ ግን ማይኩ እኔ ጋ ነው።

ደግሞ ቦታ የለም ይባላል። ቦታማ አለ! የድራማው ጎረምሳ ወጋየሁ በሱፍ ገባ። ወጋየሁ በቆዳ ጃኬት ገባ። ሁለቱም ያው ወጋየሁ ናቸው፤ አመታታቸው አንድ፣ አወዳደቃቸው አንድ። መልከ መልካም ነው፣ አልክድም፣ እኔም ዓይን አለኝ። ግን ባለፈው ሳምንት በጌሙ ማሻሻያ ማን ሊጨመር ነው ተባለ? ወጋየሁ በቁምጣ! ሰው ውሃ ሲጠይቃችሁ ሦስተኛ ባዶ ጀሪካን ትሰጡታላችሁ?

እንግዲህ ወደ ዋናው ልምጣ። እንግዳ ይዤ ልምጣ ብዬ ሳስፈቅድ «እህትሽን ነው?» አሉኝ፣ ፈገግ ብዬ አለፍኩ። እዚያ መስኮቱ አጠገብ ነጠላ ለብሰው የተቀመጡት ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ናቸው። የኑሪን እናት ሆነው የሚተውኑት እሳቸው ናቸው። አጨብጭቡ እንጂ! ለኑሪ አጨብጭባችሁ የለም?

የተዋንያኑ ድምፅ የተቀረጸው ከምርጫው በፊት ነበር። እኒህ ሴት በብርድ ልብስ በሸፈንናት በዚያች ጠባብ ክፍል ጠዋቱን ሙሉ ሲጮሁ ዋሉ። «ውረድ ከደጃፌ!» «ጀሪካኑን አስቀምጥ!» ጉሮሯቸው እስኪሻክር። ከዚያ ወደ ሰፈራቸው ገብተው «ጌም ውስጥ ልገባ ነው» ብለው ተናገሩ። ለምን አይናገሩ? ጌሙ የወጣ ቀን ጎረቤቱ፣ የልጅ ልጁ፣ ሁሉም ቤታቸው ተሰብስቦ ሲፈልጋቸው አመሸ። በማግስቱ ደወሉልኝ።

«ልጄ ሸጊቱ፣ እኔን ለማግኘት የቱን ነው የሚጫኑት? ልጆቹ አጥተውኝ ነው።»

ምን ልበላቸው? የቱን ይጫኑ ልበላቸው? ከናንተ መካከል መልሱን የሚያውቅ ካለ ይነሳ። እኔ «ይቆዩ ላጣራልዎ» ብዬ ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። እሳቸውም ያዙ። እስካሁን እየጠበቁ ነው።

ስለዚህ አቶ ከበበው፣ ስንብቴ ላይ የምጠይቅዎ ስጦታ ይህ ብቻ ነው። ድምፁ አለ። ጫማው ተስሏል። ቤቴል ፊታቸውን ልትስል ዝግጁ ናት፤ አይደል ቤቴል? ይኸው፣ ራሷን ነቀነቀች። የኑሪ እናት ይገባሉ ወይስ አይገቡም? ካልገቡ ይህ ጌም በኔ ጌም ቤት አይጫንም፤ ሠርቼበታለሁ ብዬም ለሰው አልናገርም።

ምን አሉ? አልሰማሁም። «እናያለን»? ክቡራትና ክቡራን፣ «እናያለን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማታውቁ አላችሁ? አከራዬም የጣራው ቀዳዳ መቼ ይደፈናል ስለው «እናያለን» ነው የሚለኝ፤ እኔ ግን እስካሁን የማየው ሰማዩን ነው።

ቆዩ፣ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ተነሱ። ማይኩን ላቀብልዎ? አያስፈልግም ይላሉ፤ እውነትም ያ ድምፅ ማይክ ምን ያደርግለታል። ይናገሩ እናቴ።

ሰማችሁ? ከኋላ ያላችሁት ላልሰማችሁ ልድገመው። «የማታስገቡኝ ከሆነ ድምፄን መልሱልኝ። ሌላ ሰው አፍ ውስጥ እንዳትከቱት» ነው የሚሉት።

እህ፣ አቶ ከበበው? «ትገባለች»? ለኔ አይንገሩኝ፤ እኔ መሄዴ ነው። ተነሥተው ለሳቸው ይንገሯቸው። ደግሞ ትገባለች አይባልም፣ አንቱ ናቸው!

ጎሽ። ተነሡ። «እማማ፣ ከቁምጣው በፊት እርስዎ ይገባሉ» አሉ። ሁላችሁም ሰምታችኋል። ኢድሪስ፣ አንተም ሰምተሃል። የሰማ ሁሉ ምስክር ነው።

ቁጣዬ ገና አልበረደም፤ ጌሙን ከፍቼ በዓይኔ እስካይ ድረስም አይበርድ። ምርቃት ግን አልነፍጋችሁም። ሥራችሁን ሰው በደስታ የሚቀበለው ያድርግላችሁ። የምትሉትን ከመሥራታችሁ በፊት ሰዎች የሚሏችሁን የምትሰሙ ያድርጋችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉ፣ እናንተም በልጆቻችሁ ስም ተጠሩ፤ ግን ከልጆቻችሁ ጀርባ አትጥፉ። ደክማችሁ ከሠራችሁት ነገር ውስጥ ራሳችሁን ፈልጋችሁ የምታጡበት ቀን አይምጣባችሁ። ለቡም ሆናችሁ የትም፣ ደጃፋችሁ ሰው አይጣ።

አሜን በሉ እንጂ!

አቶ ከበበው፣ የእርስዎን አሜን አልሰማሁም።