ትልቁን ለቪትዝ?

ረፋድ ላይ፣ በአንድ የአውቶቡስ ጋራዥ፤ የጋራዡ አለቃ ደምሰው በዕቃ ክፍሉ መስኮት በኩል ዕቃ ጠባቂዋን ትርንጎን እያጣደፋት ነው።

ደምሰው፦ ትልቁን ቶርክ ሬንች፣ የጎማ ማጥበቂያውን አምጪ አልኩሽ እኮ! ስንት ጊዜ ልናገር?

ትርንጎ፦ ሰምቻለሁ ጋሽ ደምሰው። ለየትኛው መኪና እንደሆነ ነው የጠየቅኩት።

ደምሰው፦ ለሥራ ነው።

ትርንጎ፦ ለሥራ መሆኑንማ መች አጣሁት፤ ለሰርግ አይወስዱት።

ደምሰው፦ ለጋራዡ ባለቤት ቪትዝ! የፊት ጎማዋን ቀይሬ ላጠብቅለት። በቃሽ?

ትርንጎ፦ ትልቁን ለቪትዝ?

ደምሰው፦ አዎ፣ ለቪትዝ!

ትርንጎ፦ እሱ እኮ የአውቶቡስ ነው። ዝቅተኛው የማጥበቂያ ልኩ እንኳ የቪትዝ ዳዶ ከሚችለው በላይ ነው፤ በቃ ብሎ ቀጭ እስኪል ቢያጠብቁ ቡሎኑ ይበጠሳል። ትንሹን ልስጥዎ፣ ይኸው።

ደምሰው፦ ዕቃ ጠባቂ ነሽ ወይስ መካኒክ?

ትርንጎ፦ ዕቃ ጠባቂ ነኝ። መካኒኩ ወንድሜ ነው፤ ይህን ያስተማሩት ደግሞ እርስዎ ነዎት። «መጀመሪያ ዳዶውን እይ፣ ከዚያ ሬንቹን ምረጥ፤ ለትንሽ መኪና ትልቁን ያነሳ ከጋራዤ ይውጣ» ይሉት ነበር። ገዛኸኝ እራት ላይ ድምፅዎን እያስመሰለ ያስቀን ነበር።

ደምሰው፦ ትርንጎ፣ አታድርቂኝ።

ትርንጎ፦ ታዲያ ዛሬ ምን ነካዎት?

ደምሰው፦ እሺ። ከሰዓት የፖሊስ መርማሪዎቹ ይመጣሉ፤ ዕቃ ክፍሉን ሊፈትሹ ነው። አሁን ከባለቤቱ ዘንድ መምጣቴ ነው። ያ ሬንች እዚህ እንዳይገኝ ብሎኛል።

ትርንጎ፦ እንዲህ አይሉም ታዲያ? ቪትዟን ለምን በከንቱ ያማሉ?

ደምሰው፦ ዝም ብለሽ ስጪኝ።

ትርንጎ፦ አውቶቡሳችን ጎማው ወልቆ ከገባበት ገደል የአምስት ሰው ሬሳ ወጥቷል። ወንድሜ የዚያን አውቶቡስ ጎማ ያሰረው በዚህ ሬንች ነው፤ ቀጭ እስኪል አጥብቆ። እናንተ ግን «ሬንች አልነካም፣ በእጁ ገምቶ ነው ያሰረው» ብላችሁ ለፖሊስ ቃል ሰጣችሁ። ይኸው ታስሮ ተቀምጧል።

ደምሰው፦ እኔ ተናገር የተባልኩትን ነው የተናገርኩት።

ትርንጎ፦ ሬንቹ ጤነኛ ከሆነ ለምን ይደበቃል?

ደምሰው፦ ጤነኛ ነው። ምንም አልሆነም።

ትርንጎ፦ እጀታው ለምን ጎበጠ?

ደምሰው፦ አርጅቶ ነዋ።

ትርንጎ፦ ብረት ሲያረጅ ይዝጋል እንጂ መች ይጎብጣል? ጉልበት እንዲጨምር እጀታው ላይ ቧንቧ ሰክተው የዛገ ዳዶ ፈተውበታል ይላል ገዛኸኝ። ማጥበቂያ እኮ ነው፤ ለመፍታት አልተሠራም። ቧንቧውስ የት ገባ?

ደምሰው፦ የምን ቧንቧ? ቧንቧ የሚባል አላውቅም።

ትርንጎ፦ እሺ።

ደምሰው፦ ስሚኝ። ገዛኸኝ ወንደላጤ ነው። ቢፈረድበት ጥቂት ዓመት ነው፤ ስንቁን እኛ እናደርሳለን። እኔ ብታሰር ግን ቤቴ ይዘጋል። ልጆቼ ገና አልደረሱም።

ትርንጎ፦ እናቴስ? እሱ ከተያዘ ጀምሮ ነጠላዋን ሳታወልቅ ነው የምትተኛው። ተፈታ ሲሏት ለመሮጥ።

ደምሰው፦ ተይኝ በቃ። ሬንቹን ስጪኝ።

ትርንጎ፦ ልስጥዎ ብልም እዚህ የለም።

ደምሰው፦ የት ሄደ?

ትርንጎ፦ እርስዎ ባለቤቱ ዘንድ ሳሉ የወልዲያው አውቶቡስ የኋላ ጎማ ተቀየረ። በሱ ነው የታሰረው። ሹፌሩም ለመንገድ ይሆነኛል ብሎ ይዞት ወጣ።

ደምሰው፦ በምኑ ነው የታሰረው?

ትርንጎ፦ በትልቁ።

ደምሰው፦ ሰው ጭኗል?

ትርንጎ፦ ጢም ብሎ ነው የወጣው።

ደምሰው፦ ደውዪለት! ቁልቁለቱ ጋ ሳይደርስ ያቁም!

ትርንጎ፦ ምን ብዬ? ጤነኛ ነው አላሉኝም?

ደምሰው፦ ጤነኛ አይደለም! ዳዶው በደንብ ሳይጠብቅ ነው ቀጭ የሚለው! ዳዶው ላልቶ ጎማው ይወጣል! ስለ ማርያም ብለሽ ደውዪ!

ትርንጎ፦ ማን አለ ልበለው?

ደምሰው፦ ደምሰው በዪው! እኔ ነኝ ያበላሸሁት! የአየር መፍቻው እምቢ ብሎኝ፣ ቸኩዬ... ኧረ ደውዪ!

ትርንጎ፦ ይቀመጡ ጋሽ ደምሰው።

ደምሰው፦ ምን ይቀመጡ ትይኛለሽ! ሰው ሊያልቅ ነው!

ትርንጎ፦ አውቶቡሱ አልወጣም። ጓሮ ነው፣ ክሪክ ላይ። ሬንቹም ይኸው፤ ከወንበሬ ሥር ነበር።

ደምሰው፦ ዋሸሽኝ?

ትርንጎ፦ ዋሸሁዎት። ለማያውቁት መንገደኛ እንዲህ የሚንቀጠቀጡ ሰው፣ ለገዛኸኝ እንዴት እንዳስቻለዎት ቸግሮኝ ነው።

ደምሰው፦ መች አስቻለኝ? ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አላውቅም። ልጆቼን ቀና ብዬ ማየት ነው ያቃተኝ።

ትርንጎ፦ በሉ እንግዲህ፣ መውሰድ ከፈለጉ ይውሰዱት። ልታገልዎት ጉልበቱ የለኝም።

ደምሰው፦ ቦታው ላይ መልሺው። መርማሪዎቹ እዚያው ያግኙት።

ትርንጎ፦ እሺ።

ደምሰው፦ መሰላሉንም አምጪልኝ።

ትርንጎ፦ መሰላል ደግሞ ለምን?

ደምሰው፦ ቧንቧውን ከጣሪያው ላይ ላውርደው።