ቶሎ የሚያልቀው ጎማ

ወደ ሳቢያን በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጠችው ሴትዮ አራት ትናንሽ ጎማዎች ይዛለች። አጠገቧ ያለው ሰውዬ አየት አድርጎ፣

«የሪሞት መኪና ጎማ ነው፣ እህቴ?» አላት።

«አዎ። የባለቤቴ ነው።»

«አቦ፣ ለስላሳውን ለምን ገዛሽ? አስፋልት ይይዛል እንጂ በዚህ ሙቀት ቶሎ ያልቃል።»

«ሻጩም ነግሮኛል።»

«ጠንካራው ይሻልሽ ነበር። ትንሽ ቢያንሸራትትም ይቆያል።»

«ባለፈው እሱን ገዝቼለት፣ ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀም።»

«ታዲያ ጥሩ አይደል?»

«የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፣ ወንድሜ። ከታመመ ወዲህ አልጋው ላይ ሆኖ ትንሿን መኪና በመስኮት እያየ ነው የሚነዳት።» ጎማዎቹን አየቻቸው። «ከአልጋው የሚወርደው ጎማ ሊቀይር ብቻ ነው።»

ወራጅ ሳልል መውረጃዬን አለፍኩት።