ያልተነበቡት የአቶ እሱባለው ማስታወሻዎች

ካህናት አባቶቼ፣ የላስታ ወገኖቼ፣ ከዚህ ዐጸድ ሥር ቆማችሁ የምትሰሙኝ ሁሉ፤ የወንድሜን ልጅ የአቶ እሱባለው ገብረ ዮሐንስን ዜና ሕይወት እንዳነብ የታዘዝሁት እኔ አጎታቸውና መምህራቸው መሪጌታ ተክለ ሚካኤል ነኝ። የዕድሩ ጸሐፊ አሳምረው የጻፉትን ወረቀት ሰጥተውኛል፤ እኔ ግን አንድ ቃል ሰርዤበታለሁ፤ የትኛው እንደ ሆነ ከቦታው ስደርስ እነግራችኋለሁ። በሕይወት ሳሉ «አንተ» ስላቸው ኖሬ ዛሬ «እርሳቸው» የምለው ወጉ ስለሆነ ነው፤ ክብሩን በቁማቸው ሰጥተናቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እንዲህ ባልተቆጣሁ።

አቶ እሱባለው ከአባታቸው ከሟቹ ቄስ ገብረ ዮሐንስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ባንቺዓለም ከፋለ፣ በዚያ በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን፣ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም በታች ባለው መንደር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ሲደርስ እኔ ዘንድ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ወደ ቅኔው ተሻገሩ። ቅኔ በቃል ይያዛል እንጂ በወረቀት አይያዝም ብዬ ባስጠነቅቃቸውም፣ ከአፌ የሰሙትን ሁሉ ተደብቀው በደብተር ይጽፉ ስለ ነበር፣ ምሥጢር ወደ ሜዳ ያወጣሉ ብዬ ደብተራቸውን ቀምቼ እሳት ውስጥ ጣልሁት። አላለቀሱም፤ በማግስቱ ሌላ ደብተር ይዘው መጡ።

ከዚያም በላሊበላ ከተማ ዘመናዊውን ትምህርት ጨርሰው፣ ባሕር ዳር ሄደው የኮምፒውተር ሳይንስ ተምረው፣ አዲስ አበባ ስድስት ዓመት ድረ ገጽ ሲሠሩ ከቆዩ በኋላ፣ እንጀራው እየሰፋላቸው ሳለ በሁለት ሺህ ስድስት ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዓመቱ ከወይዘሮ ማኅሌት ደሴ ጋር በቁርባን ተጋብተው ሁለት ልጆች አፈሩ። ለዚህ ከተማ አስጎብኚዎች፣ ለእንግዳ ማረፊያዎችና ለዕደ ጥበብ ሻጮች ሠላሳ አንድ ድረ ገጽ ሠርተዋል፤ ከእነዚያ ውስጥ ባለቤቱ በወጉ ያመሰገናቸው ስንት እንደ ሆነ እዚህ የቆማችሁት ታውቁታላችሁ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚወዱት ግን «ማስታወሻዬ» ያሉትን የራሳቸውን ገጽ ነበር። የተማርሁትን ካልጻፍሁት ለማን ተማርሁት እያሉ፣ የግእዝ ፊደል በአሮጌ ስልክ ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ሲታይ ምን እንደሚደረግ፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪ እንዴት ሦስት ቀን እንደሚያዘልቁት፣ የልጆች ፎቶ ስልክ ሲሰበር አብሮ እንዳይጠፋ የት እንደሚቀመጥ፣ በዚያም ላይ የተላቀቀ የጫማ ሶል አለጣጠፍን፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፍ ላይ ደመና ሲቀመጥ ዝናቡ ስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ አንዱንም ሳይንቁ ጽፈዋል። ኔትዎርክ በጠፋባቸው ወራት በወረቀት እየጻፉ አቆይተው፣ ሲመለስ አንድ በአንድ አስገብተውታል። አራት መቶ አሥራ ሁለት ማስታወሻ! ስንቶቻችን አነበብን? ችግር በገጠመን ቁጥር በራቸውን ማንኳኳት እንጂ ማንበብ መች ለመደብን፤ «እሱባለው እያለልን ምን ቸገረን» እያልን ኖርን። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል።

አሁን ደግሞ እሱባለው የሉም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነና፣ የይለፍ ቃል ፍለጋው ተጀምሯል። ትናንት ሬሳው ገና እየተገነዘ፣ የሆቴል ባለቤት የሆኑት የልጅነት ጓደኛቸው አቶ ደሞዝ፣ ወይዘሮ ማኅሌትን ከእንባቸው መካከል ወደ ጓዳ ጠርተው፣ የሆቴሌን ድረ ገጽ የይለፍ ቃል የት አስቀመጠው ብለው ጠየቋቸው። ወይ አለማፈር! አቶ ደሞዝ፣ ምድርን አይዩ፣ ወደኔ ይመልከቱ። ሟቹ በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ ሰው ሁሉ የራሱን ቁልፍ በራሱ እጅ ይያዝ ብለው፣ ለሠላሳ አንዳችሁም የይለፍ ቃላችሁን በፖስታ አሽገው፣ ቤት ለቤት እየዞሩ አድለዋል፤ አጠቃቀሙንም በማስታወሻቸው ላይ ጽፈውታል። ያን ጊዜ ምን ጊዜ አለኝ ብላችሁ ወዲያ የወረወራችሁት ፖስታ እርሱ ነው። ሐዘንተኛ አታስቸግሩ፤ ቤታችሁ ግቡና መሳቢያችሁን ፈትሹ።

አሁን ወደ ሰረዝሁት ቃል ደረስሁ። ወረቀቱ «ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም» ይላል። «ድንገተኛ» የሚለውን ነው የሰረዝሁት፤ ውሸት ነውና! አቶ እሱባለው በየዓመቱ በአስተርእዮ ማርያም ዳገቱን ወደ አሸተን ማርያም ይወጡ ነበር፤ ሲመለሱም የመንገዱን ነገር ይጽፉ ነበር፤ እኔም ገና ዛሬ ጠዋት አስነብቤ ሰማሁት። በሁለት ሺህ አሥራ አንድ አንድም ጊዜ ሳያርፉ እንደ ወጡ፣ በአሥራ አምስት ሦስት ጊዜ እንዳረፉ፣ በአሥራ ስድስት ሰባት ጊዜ አርፈው እግራቸው አብጦ እንደ ተመለሱ፣ በአሥራ ሰባት «ዘንድሮ ከእኩሌታው ተመለስሁ፤ ለከርሞ እሞክራለሁ» ብለው ጽፈዋል። ቤት ውስጥ ሲጠየቁ ድካም ነው ይሉ ነበር፤ አፋቸው የደበቀውን እጃቸው ለዓለም ሁሉ ጽፎታል። በዚህ ዓመት የካቲት መጀመሪያ ወድቀው ሐኪም ቤት ስናደርሳቸው፣ ሐኪሙ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ ሲጠይቁ መልስ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ እስከ ጥር ድረስ ደኅና ነበሩ አልሁ። ሐኪሙ ይህ ልብ ለዓመታት የደከመ ነው ቢሉኝ ተከራከርኋቸው! ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ የካቲት አሥራ ስምንት ቀን ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ዓ.ም.፣ በአርባ አንድ ዓመታቸው አረፉ።

እንግዲህ ቁጣዬ በእናንተ ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለእኔም አንድ ፖስታ አምጥተውልኝ ነበር። እኔን ከኮምፒውተር ምን አገናኘኝ ብዬ ከዳዊቴ መካከል ሸጎጥሁትና፣ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ስደግም ወዲያ እያነሣሁ፣ ስጨርስ እየመለስሁ ኖርሁ። ዛሬ ጠዋት ከፈትሁት። የማስታወሻቸው የይለፍ ቃል ነው፤ ከሥሩም «የኔታ፣ ከጻፍሁት አንድ ቃል ቢጠፋ የሚቆጣልኝ ሰው ከእርስዎ በቀር ስለማላውቅ ለእርስዎ ሰጠሁ» የሚል አለበት። ደብተራቸውን ላቃጠልሁት ለእኔ! እግዚኦ!

አቶ እሱባለው እናታቸውን ወይዘሮ ባንቺዓለምን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ማኅሌትን፣ ልጆቻቸውን ማርያማዊትንና አዝመራውን፣ እኅታቸውን ወይዘሮ ፈትለወርቅን፣ እንዲሁም አራት መቶ አሥራ ሁለት ማስታወሻ ትተው አልፈዋል። ለአርባቸው ስትመጡ እያንዳንዳችሁ አንዷን አንብባችሁ ኑ፤ ያላነበበ ከዳሱ በር ላይ እኔን ያገኘኛል። በሰባ ስድስት ዓመቴ ወይዘሮ ማኅሌት ኮምፒውተሩን ያስተምሩኛል፤ እኔም አንድ ቃል አላስጠፋም። የማይጎድልበት አምላክ የወንድሜን ልጅ ነፍስ ይቀበልልን፤ አምና ከእኩሌታው የተመለሱበትን ዳገት አስጨርሶ፣ ትንፋሽ ከማያጥርበት ቦታ ያሳርፍልን። አሜን።